የሎሚ ችግኞቼ ሥር የሚፈናጠሩት ነጫጭ ፍጥረቶች፦ ልርጫቸው ወይስ ልተዋቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምጽፈው። የውይይታችን ክር በጣም ስለረዘመ አዲስ የምትገቡ እንዳትጉላሉ ብዬ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ከላይ፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ከሥር አስቀምጫለሁ። መልሶቹን በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኳቸው፤ የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ጥያቄው (ግንቦት ላይ የለጠፍኩት)

በጥር መጨረሻ 40 የሎሚ ችግኝ በጥቁር ፕላስቲክ አፈላሁ። አፈሩን ያመጣሁት ከእናቴ ግቢ፣ ከአሮጌው ሎሚ ሥር ነው። ግማሹን ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ በከሰል እሳት በደንብ አሞቅኩት። በሽታና የአረም ዘር እንዲሞትልኝ ነበር ሐሳቤ። ግማሹን ጥሬውን ተውኩት። ዘሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ጥላው አንድ ነው።

አራት ወር ሆናቸው። ጥሬው አፈር ላይ ያሉት ስንዝር አልፈዋል፤ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው። እሳት የነካው አፈር ላይ ያሉት ግን ከበቀሉ በኋላ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከመሃል ጣቴ አይበልጡም። ቅጠላቸውም ደብዝዟል። እኔ የጠበቅሁት ተቃራኒውን ነበር።

ግራ ቢገባኝ ከደህነኞቹ አንዱን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደድኩት። አፈሩ ሥሩን አልለቅ አለ። ይዤ ሳራግፈው እንኳ ጓሉ ሥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰዓት ሠሪ ጎረቤቴ ማጉያ መነጽሩን አዋሰኝና ጠጋ ብዬ አየሁት። ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ድር አሸዋውን እንደ ዶቃ ሰክቶታል። በድሩ መሃል ደግሞ ጤፍ የሚያህሉ ነጫጭ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። በሰንበሌጥ ጫፍ ነካ ሳደርጋቸው ድንገት ተፈናጥረው ይጠፋሉ።

ሥር ላይ የሚኖር ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ተክል እንደሚረዳ አንብቤያለሁ። እንግዲህ እነዚህ ነፍሳት ያንን ፈንገስ እየበሉት ከሆነስ? የገዛሁት ፀረ-ተባይ እጄ ላይ ነው። ልርጭ ወይስ ልተው?

መልስ 1። ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ የጻፈ ወንድም ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ዛሬ ነገ ሳልል እንድረጭ መከረኝ። በእሱ ልምድ አፈር ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ሥር ይበላል።

መልስ 2። የአፈር ሳይንስ የተማረች እህት ናት። መጀመሪያ ፎቶ ጠየቀችኝ፤ ማጉያውን ስልኬ ካሜራ ላይ ደግፌ አንስቼ ላክሁላት። ኮሌምቦላ እንደሚባሉ ነገረችኝ። ከሆዳቸው ሥር የታጠፈች ሹካ መሳይ ጅራት አለቻቸው፤ ሲደነግጡ በእሷ መሬቱን መትተው ይፈናጠራሉ። በዓለም ላይ ከ8,000 የሚበልጡ ዓይነቶቻቸው ተመዝግበዋል። ዋና ምግባቸው ሻጋታ፣ ፈንገስና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጤነኛ ሥር እምብዛም አይነኩም። በትህትና አንድ እርማትም ሰጠችኝ። ስድስት እግር ቢኖራቸውም አፋቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ የተደበቀ ስለሆነ ሳይንቲስቶች ከነፍሳት ለይተው ነው የሚያስቀምጧቸው። ርዕሱን ወደ ፍጥረቶች የቀየርኩት ያኔ ነው።

መልስ 3። ከሁሉም የተማርኩበት ይኼ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። የችግኞቼ ነገር አዲስ አለመሆኑን በመንገር ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ የብርቱካንና የሎሚ ችግኝ አፍዪዎች መደባቸውን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ ጋዝ ያጥኑት ነበር። በሽታው ሞተ፤ ችግኙም አላድግ አለ። መጀመሪያ ጋዙ አፈሩን መርዞት ይሆናል ተብሎ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን የጎደለው የሥር ፈንገሱ መሆኑን አሳየ። ፈንገሱ ሲመለስ ወይም ፎስፈረስ በብዛት ሲጨመር ችግኙ ተነሣ። ሎሚና ብርቱካን ሥራቸው ላይ ያለው ፀጉር ትንሽ ነው። ስለዚህ ከብዙ ተክሎች ይልቅ በፈንገሱ ላይ ይደገፋሉ።

አሠራሩንም ቀለል አድርጎ አስረዳን። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ እንደ ናይትሮጅን ከውሃ ጋር አይሄድም፤ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሥሩ በዙሪያው ያለውን ሚሊ ሜትር ጠርጎ ከወሰደ በኋላ ባዶ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። የፈንገሱ ድር ያንን ባዶ ቦታ አልፎ ሴንቲ ሜትሮችን ተጉዞ ያመጣለታል። ተክሉ በበኩሉ ከቅጠሉ ከሚሠራው ስኳር እስከ 20 ከመቶ ድረስ ይከፍላል። ማይኮራይዛ የሚለውን ስም በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው ፍራንክ ነው፤ ፈንገስ-ሥር ማለት ነው። ሽርክናው ግን ከስሙ በጣም ይቀድማል። ስኮትላንድ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው የተክል ቅሪት ውስጥ ተገኝቷል።

ከዚያ እኔን አረመ። በማጉያ ያየሁት ድር የፈለገው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ምልክት ሥሩ ውስጥ ነው የሚታየው። ሥሩን በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ቀቅሎ ማንጣት፣ ከዚያ ኮምጣጤ ላይ ጥቂት የብዕር ቀለም ጠብ አድርጎ ሥሩን እዚያ ውስጥ ማፍላት፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ማየት። በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ቅርንጫፉ የበዛ ትንሽዬ ዛፍ ከታየ እሱ ነው፤ ልውውጡ የሚካሄደው እዚያ ነው። ቀለምና ኮምጣጤ በቂ መሆኑ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። በሰው ቤት ዕቃ እንዲህ ያለ ነገር ማየት መቻሉ እስካሁን ይገርመኛል።

መልስ 4። ከሐረር አቅራቢያ ቡና ያላቸው አባት ናቸው። ልጃቸው ናት የጻፈችላቸው። አባታቸው አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከአሮጌ ዋንዛ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ሳያመጡ ቡና አይተክሉም ነበር። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ችግኙ ባዳ እንዳይሆንበት ነው ይሉ ነበር አሉ። ቡናም ዋንዛም ከዚሁ የፈንገስ ወገን ጋር የሚኖሩ መሆናቸውን መልስ 3 የጻፈው ሰው ከሥር ጨመረበት። አባባ ፈንገሱን በስም አያውቁትም ነበር፤ ሥራውን ግን ያውቁታል።

መልስ 5። እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ይኼ ሰው ፍጥረቶቹን ወዳጅ ያደረገችውን መልስ 2ን በቀጥታ ተቃወመ። በ1982 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተሠራውን የባሮ ሽንኩርት ሙከራ አመጣ። ፈንገሱ ያለው ባሮ ከሌለው በልጦ አደገ። ፎልሶሚያ ካንዲዳ የተባለችው ኮሌምቦላ ስትጨመርበት ግን ብልጫው ጠፋ። ድሩን ከሥሩ ቆርጣ ትበላዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ትክክል እንደሆነ፣ እህታችን ግን በደንብ ሳታነብ ሰው እንዳሳሳተች ጻፈ። መረጃው ጠቃሚ ነው። አጻጻፉ ግን ከረረ።

መልስ 6። መልስ 2 የጻፈችው እህት ተመልሳ መጣች። ሙከራውን እንደምታውቀው፣ ነገር ግን ማሰሮ ውስጥ የተዘጋች ኮሌምቦላ ሌላ የምትበላው እንደሌላት አስታወሰች። በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች ምርጫ ሰጥተው አይተዋቸዋል። የበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚያድጉትን ጥቋቁር ሻጋታዎች አስቀደሙ፤ የሥር ፈንገሱን የነኩት ሌላው ሲያጥራቸው ነው። ሌላው ነጥቧ ቁጥራቸው ነው። በጣም ሲበዙ ድሩን ይቆራርጡታል። በመጠኑ ሲሆኑ ግን ሌላውን ሻጋታ እያጨዱ፣ በኩሳቸው ናይትሮጅን እየለቀቁ ተክሉን የጠቀሙባቸው ሙከራዎች አሉ። ስለዚህ አፈሩ ላይ ደረቅ ቅጠል እንድተውላቸው መከረችኝ። ምግብ ካላቸው የእኔን ፈንገስ አይፈልጉም።

የክሩ ቁም ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የጠየቅሁት ወዳጅ ናቸው ወይስ ጠላት ብዬ ነበር። ጥያቄው መሆን የነበረበት ስንት ናቸው፣ ሌላስ ምን የሚበሉት አላቸው የሚለው ነው።

መልስ 7። አንዱ አቦ ይመቻችሁ ብሎ ብቻ አለፈ።

መልስ 8። ይኼኛው ነገሩን ገለበጠው። አንዳንዴ የሚበላው ፈንገሱ መሆኑን ነገረን። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ሥራ ላካሪያ የተባለ የጥድ ሥር ፈንገስ ኮሌምቦላዎቹን ሽባ አድርጎ ይገድላቸዋል፤ ከዚያ ድሩን አካላቸው ውስጥ ይዘረጋል። ናይትሮጅናቸውን መጥጦ ለጥዱ ያቀብላል። በዚያ ሙከራ ጥዱ ካገኘው ናይትሮጅን እስከ ሩብ የሚደርሰው ከእነሱ የመጣ ነበር። ደስ ያለኝ ወዲያው ያስጠነቀቀን ነገር ነው። ያ ፈንገስ ሥሩን ከውጭ እንደ ካልሲ የሚሸፍን ሌላ ወገን ነው። ሎሚ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ለእኔ ችግኝ ተስፋ አድርጌ እንዳልይዘው ነገረኝ።

መልስ 9፣ 10 እና 11። ጥድ ሲነሣ ባሕር ዛፍ ተነሣ። ባሕር ዛፍ ሲነሣ ውሃ ተነሣ፤ ከዚያ የሐረማያ ሐይቅ። አንዱ የሐይቁን መድረቅ በባሕር ዛፍ ላይ ጣለው። ሌላዋ ለመስኖ በፓምፕ የተሳበውን ውሃና ከተራራው ታጥቦ የሞላውን ደለል አስታወሰችው። ልጅ ሆና በአውቶቡስ ስታልፍ ሐይቁ ላይ ታይ የነበረውን ወፍ ጻፈች፤ ያን ሳነብ እኔም ትዝታው ይዞኝ ሄደ። አወያዩ ጉዳዩ ትልቅ መሆኑን፣ ግን የራሱን ክር እንደሚፈልግ ተናግሮ መለሰን።

መልስ 12። ከባቢሌ በኩል የማሽላ ገበሬ ልጅ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር። የአባቱን ማሽላ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ይይዘዋል፤ ማዳበሪያ ያላገኘው መሬት ላይ ደግሞ ይብሳል። ይኼ ከምናወራው ፈንገስ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 13። መልስ 3 የጻፈው ሰው ነው የመለሰለት፤ በደንብም ይገናኛል። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ፈንገሱን የሚጠራበት ድምፁ ነው። ፈንገሱ ሲሰማ ቅርንጫፍ እያበዛ ወደ ሥሩ ይመጣል። ችግሩ ያንኑ ጥሪ አቀንጭራም ትሰማለች። ዘሯ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቅና ጥሪው ሲደርሰው ይበቅላል፤ ሥሩን ይጣበቃል። የዚህ ኬሚካል የመጀመሪያው ዓይነት ከጥጥ ሥር የተለየው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የአቀንጭራ ቀስቃሽ መሆኑ ብቻ ነበር የታወቀው። የፈንገስ መጥሪያ መሆኑን ለማወቅ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ወሰደ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተማሩት እዚሁ፣ ያኔ ዓለማያ ኮሌጅ በሚባለው ነው። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ዘሮች ውስጥ ጥሪውን በጣም ጥቂት ብቻ የሚለቁ አሉ። ልጁ ምስጋናውን ጽፎ ለአባቱ እንደሚያነብላቸው ነገረን።

መልስ 14 እና 15። አንዱ ከዝናብ በኋላ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ የዚሁ የሥር ፈንገስ ፍሬ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ። አይደለም። ሌላው እንዳረመው፣ እሱ ምስጦቹ ራሳቸው ኩይሳው ውስጥ በበሉት እንጨትና ሣር የሚያለሙት ፈንገስ ነው፤ ያለ እነሱ አይኖርም። የመጀመሪያው ጸሐፊ እርማቱን በደስታ ተቀበለ።

መልስ 16። የመጀመሪያው መላሽ፣ የከዚራው ወንድም፣ ተቆጥቶ ተመለሰ። እኛ ወረቀት እየጠቀስን ስንጫወት እሱ የቲማቲም መሬቱን አጥቷል። ተክሉ ጠዋት ደህና ይሆንና ቀን ላይ ይጠወልጋል። ሲነቅለው ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሯል። ያን ያየ ሰው አፈር ውስጥ ያለ ፍጥረት ላይ እምነት አይኖረውም።

መልስ 17። አንድ ሰው መልሶ መድኃኒት ነጋዴ ስለሆነ ነው የሚከራከረው አለው። ይኼን አልወደድኩትም። ሰውየው የደረሰበትን ነው የተናገረው። ለአወያዩ ነግሬ መልሱ እንዲነሣ አድርጌያለሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የተውኩት።

መልስ 18። የአፈር ሳይንሷ እህት የከዚራውን ወንድም በአክብሮት መለሰችለት። ቲማቲሙን ያጠፋው ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ትል ሥሩ ውስጥ ገብቶ ቋጠሮ ያበጃል። እሱ እውነተኛ ጠላት ነው። ከእኔ ጤፍ መሳይ ፍጥረቶች ጋር ግን አይዛመድም። ቀድሞ ፈንገስ የያዘ ሥር በብዙ ሙከራዎች ኔማቶድን የተሻለ እንደሚችል ነገረችው። ፈውስ ነው ብላ ግን አልሸነገለችውም። ሰብል እንዲያፈራርቅ፣ ችግኙንም ከታመመ መደብ እንዳያመጣ መከረችው። ወንድማችን አመሰገነ። ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ ድምፁ ለስልሷል።

መልስ 19። ቨርሚኮምፖስት፣ ማለትም በትል የሚዘጋጅ ማዳበሪያ፣ የሚያመርቱ እናት ናቸው። የመሬት ትልስ አትጠቅምም ወይ ብሎ የጠየቀ ስለነበረ ነው የገቡት። የሳቸው ቀይ ትል ፍግና ቅጠል ውስጥ የምትኖር እንጂ አፈር የምትቆፍር አይደለችም። ከ35 ዲግሪ በላይ ትሞታለች። ስለዚህ በድሬ የግንቦት ሙቀት ሜዳ ላይ በትኖ መመለስ ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ አልብሰው ነው የሚያቆዩአት። አፈር ቆፋሪዎቹ ትሎች ግን ፈንገሱን ይነኩታል፤ በሁለት መልኩ። ሲቆፍሩ ድሩን ይበጥሳሉ። ደግሞ የፈንገሱን ዘር ከነሥር ቁራጩ ይውጡና ሳይሞት ሌላ ቦታ ኩሳቸው ውስጥ ይተዉታል። አንድ ሌላ ነገርም ከሳቸው አገኘሁ። ጎመንና ቀይ ሥር ከዚህ ፈንገስ ጋር አይሻረኩም። ጎመን ብቻ ሲፈራረቅበት የቆየ መደብ ላይ ፈንገሱ እየሳሳ ይሄዳል። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያም እንደዚሁ ነው፤ ተክሉ ከጠገበ ጥሪውን ይቀንሳል።

መልስ 20 እና 21። የሐረሩ አባት በልጃቸው በኩል አንድ ፌስታል የዋንዛ ሥር አፈር በሚኒባስ ሊልኩልኝ ፈለጉ። ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ እስከ ሳቢያን። በጣም ነክቶኛል። ግን ከሥር አንድ ሰው አፈር ከቦታ ቦታ ሲሄድ ኔማቶዱና የሥር አበስባሹ አብሮ እንደሚሄድ አስጠነቀቀ። ልክ ነው። አባባን ይቅርታ ጠይቄ የራሴን ግቢ አፈር እንድጠቀም ተስማማን። አልተቀየሙኝም።

መልስ 22። ይኼ የእኔ ነው፤ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ፀረ-ተባዩን አልከፈትኩትም። የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ቆርጬ የላይኛውን ክፍል በአፉ ደፋሁት። አፉ ላይ የወንፊት ሽቦ አድርጌ ከእናቴ ሎሚ ሥር ያመጣሁትን አፈር ሞላሁበት። ከላይ የድሮውን አምፖል አበራሁ፤ ኤልኢዲ አያሞቅም። ከታች እርጥብ የከሰል ድቃቂ ያለበት ብርጭቆ አስቀመጥኩ። አፈሩ ከላይ እየደረቀ ሲመጣ ፍጥረቶቹ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሻሉ። በአራት ቀን 63 ቆጠርኩ። ጥቁሩ ከሰል ላይ ነጭ ሆነው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከመካከላቸው ዘገምተኛ፣ ክብ ቡናማ የሆኑ ሌሎችም ነበሩ፤ እህታችን ፎቶውን አይታ የአፈር ማይት ናቸው ብላኛለች።

የደረቀው አፈር ውስጥ ያለው የፈንገስ ዘር ድርቀት አይገድለውም። ስለዚህ ከቀጨጩት ችግኞች 15 ወስጄ ሦስት ቦታ ከፈልኳቸው። አምስቱ ምንም አልተጨመረላቸውም። አምስቱ ሥራቸው አጠገብ ሁለት ማንኪያ የደረቀውን አፈር አገኙ። አምስቱ ደግሞ ያንኑ አፈር ከነፍጥረቶቹ፣ እያንዳንዳቸው 10 ኮሌምቦላና ከላዩ እፍኝ ደረቅ ቅጠል። መልስ 3 የጻፈው ሰው እንቁላላቸው አፈሩ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ሁለተኛው ቡድን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ እንዳልሆነ አስገንዝቦኛል፤ መዝግቤዋለሁ።

ዛሬ ነሐሴ 20 ነው፤ አሥረኛ ሳምንታቸው። ምንም ያልተጨመረላቸው እንደቆሙ ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቡድን ግን አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ያደረቅሁት አፈር ብቻ የገባላቸው አራት፣ ከነፍጥረቶቹ የገባላቸው አራት፣ አንዳንዱም አምስት። በሁለቱ መካከል በዓይኔ የምለየው ልዩነት እስካሁን የለም። ፍጥረቶቹ በዚህ ቁጥርና በዚህ ቅጠል ፈንገሱን አላጠፉብኝም።

መልስ 23። የከዚራው ወንድም ነው። በመስከረም ስንቀዳድዳቸው መጥቶ ሥሩን በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ጽፏል። ቀለሙንና ኮምጣጤውን ገዝቻለሁ። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይዱንና ማይክሮስኮፑን መልስ 3 የጻፈው ሰው ይዞ ይመጣል። የምትችሉ ሁሉ ኑ፤ እናቴ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ታፈላለች።